ከፊት በኩል ይጻፉኝ

ጥቅምት 4

ለልጄ ለሚሊ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ያ ከላይህ ያለው ጎረቤትህ ወንበር መጎተቱን ተወልህ ወይ? እኛ ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው፤ "እስከ ዛሬ ሳትመልስለት" እያለች ከቁርስ በፊት ጀምራ ትወቅሰኛለች። ይቅርታ አድርግልኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። የዩኒፎርም ወቅት ነው፣ የስፌት ሱቁ ሰው በሰው ሆኗል ብዬ ላመካኝ ነበር፤ አንተ ግን ምክንያት አትወድም።

ጥያቄዎችህን ቁጥር ሰጥተህ ስለላክሃቸው እኔም በቁጥር ልመልስ። አንደኛ፣ አዎ፣ የሆስፒታሉ ቅጽ በፖስታ ደርሶኛል፤ ሞልቼም ልኬዋለሁ። ሁለተኛ፣ ምን ብዬ እንደሞላሁት ላልከው፣ አባት ስለ ልጁ የሚጽፈውን ነው የጻፍኩት። አታስብ። ሦስተኛ፣ አፍህን የፈታኸው በሦስት ዓመት ተኩልህ ነው። የመጀመሪያ ቃልህ "ጠማማ" ነበር፤ አንድ ኮሌታ አይተህ ነው። እኔ ተቆጣሁ፣ በኋላ ስለካው እውነትም ሁለት ሚሊ ዞሮ አገኘሁት። ሚሊ የሚለው ስም የወጣልህ የዚያን ቀን ነው። አራተኛ፣ አንቱ የምትለኝ ደንበኞቼ አንቱ ሲሉኝ ሰምተህ ነው እንጂ ማንም አላዘዘህም። እናትህን አንቺ፣ እኔን አንቱ። እሷ እስከ ዛሬ ትስቃለች።

አምስተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። "ቀሚስ እምቢ ያልኩት ስፌቱ ስለሚያሳክከኝ ብቻ ነበር ወይ?" ብለሃል። በዘጠኝ ዓመትህ ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ብሎ ስሙን ሲነግረን ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ በጣቴ አውቀው ነበር። ከአንገትጌህ ላይ የፋብሪካውን ምልክት እየቆረጥኩ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ እያዞርኩ ስሰፋልህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቀሚሱን ስትወረውረው ጨርቁ ነው አልኩ። ጨርቁን ስቀይረው ክሩ ነው አልኩ። ሴት ልጅ አለችኝ ብዬ ሃያ አራት ዓመት ኖሬ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ወንድ ነኝ ብለህ ስትነግረን ሱቁን ዘግቼ ዋልኩ፤ ይህን ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ግን እንደጠየቅኸኝ ነው የምጠራህ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ፊት እንኳ፣ ያ ነገር ካገኘ የማይለቀው ሰውዬ ፊት፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ተሳስቼ እሷ ያልኩህ።

አምስተኛውን በሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ። ደንበኛ መጣ።

አባትህ

ጥቅምት 15

ለአባዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጎረቤቴ ወንበር መጎተቱን አልተወም። ከወንበር እግር ሥር የሚለጠፍ ጨርቅ ገዝቼ በሩ ላይ አስቀመጥኩለት። አመሰገነኝ። አልለጠፈውም።

ለጠየቁኝ፦ ምሳ እበላለሁ። አዲሷ አለቃዬ ጥሩ ናት፣ ስትናገር ሌላ ነገር ማለቷ አይደለም። አዎ፣ አሁንም የውሃ ቆጣሪ ነው የምፈትሸው። ሰዎች ቆጣሪው ዋሸን ብለው ያመጡታል። እኔ በውስጡ ውሃ አሳልፌ ማመሳከሪያው በርሜል ውስጥ እጨምረዋለሁ። በርሜሉ ልክ መቶ ሊትር ይይዛል። ቆጣሪው ዘጠና ስድስት ካለ የተሳሳተው ቆጣሪው ነው፤ በርሜሉ አይጠየቅም።

ስለ ሆስፒታሉ። ወንድ መሆኔ በአካሌም እንዲታይ የሚያደርገውን ሕክምና እንድጀምር የሚፈቅድ ኮሚቴ አለ። ሌሎች ሰዎች ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ኦቲዝም ካለ ግን ወላጅም ይጠየቃል። ለምን አልኩ። ሐኪሙ "እንዳንተ ያሉ ሰዎች አንዳንዴ አንድ ሐሳብ ይይዙና አይለቁም" አለኝ። እውነት ነው አልኩት፤ የውሃ ቆጣሪን ከያዝኩት አሥር ዓመት ሆነኝ፣ ቆጣሪ ግን በእውነት አለ። የሆነ ነገር ጻፈ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እንደ እኔ ጆሮአቸውን የሸፈኑ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አላወራንም። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 12 ፋይሌን ለማየት ጠየቅኩ፤ መብቴ ነው። የሞሉትን ቅጽ ቅጂ ሰጡኝ። ጥያቄ 7 "ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በፊት ሌላ ፆታ ነኝ የማለት ምልክት ነበረ ወይ?" ይላል። እርስዎ የጻፉት ይህ ነው፦ "ፈጽሞ አልነበረም። ልጄ ያነበበችውን ሁሉ የምታምን፣ ሰው የነገራትን ይዛ የምትቀር ናት። ቀሚስ የምትጠላው ስፌት ስለሚያሳክካት ብቻ ነው።"

እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኝ ነበር። ዝናብ ነበር። የልክ ደብተርዎ ከፊት በኩል ወንዶች፣ ተገልብጦ ከኋላ በኩል ሴቶች የሚጻፉበት ነው። ለዩኒፎርም ለኩኝና ደብተሩን ገለበጡት። እኔ "ከፊት በኩል ይጻፉኝ" አልኩ። ቀጥሎ የሆነውንም አስታውሳለሁ፤ አልጽፈውም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ሆኗል ወይስ አልሆነም? ኮሚቴው የሚሰበሰበው ኅዳር 10 ነው። አዎ ወይም አይደለም ይበቃኛል።

ልጅዎ ሚሊ

ጥቅምት 27

ለምወድህ ልጄ ለሚሊ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እዚህ ነፋሱ በሱቁ በር ሥር ገብቶ ቁርጥራጩን ሁሉ እየበተነ አስቸግሮናል። እናትህ ሰላም ብላሃለች፤ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ወይም ተሽሎኛል ማለት ሰልችቷት ይሆናል። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ መስተዋት ገዝቶ ደንበኛውን ትቶ ራሱን ሲያይ ይውላል። ከዚህ ጋር ሱሪ ልኬልሃለሁ፤ ወገቡን ባለፈው በነገርከኝ ልክ አድርጌዋለሁ፣ ስፌቱ እንደምትወደው ወደ ውጭ ነው፣ ኪሱም ጠለቅ ያለ ነው።

በመዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ከፍቼው መልሼ አጠፍኩት። ቤት ወስጄም እናትህ እንዳታየኝ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ ነው ያነበብኩት። በዚህ ዕድሜዬ። የቅጹን ቅጂ ለሰው ይሰጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት በሐኪምና በወላጅ መካከል የሚቀር መስሎኝ ነበር። ክፉ ነገር ተጽፎ አይደለም፤ እንዲያው አንተ እንዳትከፋ ብዬ ነው።

ስለ ጠየቅኸኝ ነገር። ልጅነት እንደምታውቀው ብዙ ነገር ያሳያል። ሰው ሲያድግ የሰማውንና የሆነውን ይቀላቅላል፤ እኔም ራሴ በልጅነቴ ወንዝ የዋኘሁ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ወንድሜ ነው። የልክ ደብተሩንም ፈልጌልህ ነበር፤ የድሮዎቹን አይጥ በልቷቸዋል።

እንግዲህ አዎ ወይም አይደለም ስላልከኝ፦ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። አባትህ ነኝ፤ ክፉህን አልመኝም።

ሱሪው ካልተመቸህ መልሰህ ላከው።

አባትህ

ኅዳር 6

ለአባዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሱሪው ደርሷል። ልኩ ትክክል ነው። አመሰግናለሁ።

ስለ መልስዎም አመሰግናለሁ፤ ግልጽ ነበር። ማመልከቻዬን ትናንት አነሳሁ። ኮሚቴው የእኔን ጉዳይ አያይም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት፤ እናቴ ደውላ ለምን ስትለኝ በስልክ መናገር አልቻልኩም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ሰዎች የተናገሩት ሲጠፋኝ ሱቅ መጥቼ እርስዎን እጠይቅ ነበር። "ይሄ ቀልድ ነው፣ ይሄ ደግሞ ተቀይሞሃል ማለት ነው" ይሉኝ ነበር። ሁልጊዜ ልክ ነበሩ። እኔ የሰው ፊት ማንበብ ላይ እሳሳታለሁ፣ የድምፅ ቃና ላይ እሳሳታለሁ። የሆነውን በማስታወስ ግን ተሳስቼ አላውቅም ነበር። የራሴ የምለው እሱ ነበር። አሁን እርስዎ አልሆነም አሉ። እርስዎ ደግሞ አይዋሹም። ሁለቱ ካልተስማሙ እርስዎ በርሜሉ ነዎት፣ እኔ ቆጣሪው ነኝ። ያንን ቀን ከራሴ ፈጥሬው ከሆነ፣ ወንድ መሆኔንም ከራሴ ፈጥሬው ይሆናል። ሐኪሙ ያለውም ይህንኑ ነው።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ምን እንደተሳሳትኩ አለማወቄ ነው። በሩን መቆለፌን ለማየት ከደረጃው ሦስት ጊዜ እመለሳለሁ። ሥራ ላይ የጻፍኩትን ቁጥር ባልደረባዬ እንዲያይልኝ እለምነዋለሁ። ማክሰኞ ጨርሻቸው የነበሩ ሃያ ሦስት ቆጣሪዎችን እንደገና ፈተሽኩ። ሁሉም እንደ መጀመሪያው ሆኑ፣ እኔ ግን አላመንኩም። አለቃዬ አንድ ሳምንት ቤትህ ተቀመጥ አለችኝ። ሌላ ነገር ማለቷ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ስለዚህ የማስታውሳቸውን አሥራ አንድ ነገሮች በሌላ ወረቀት ጽፌ ልኬያለሁ። ከእያንዳንዱ ጎን "ሆኗል" ወይም "አልሆነም" ብለው ይጻፉልኝ። አራተኛው፣ የጭነት መኪና ድምፅ አስፈርቶኝ መንገድ ላይ ስቀመጥ እርስዎ ጆሮዬን በሁለት እጅዎ ይዘው መኪናው እስኪያልፍ አብረውኝ የተቀመጡበት ነው። አራተኛው ሆኖ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ልጅዎ ሚሊ

ኅዳር 13

ልጄ፣

ሰላምታ የማስቀድምበት ፊት የለኝም።

አሥራ አንዱም ሆነዋል። አራተኛውም። መኪናው ቀይ ነበር ብለሃል፤ አዎ፣ ቀይ ነበር። አንድም ነገር አልተሳሳትክም። የደብተሩም ነገር ሆኗል። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አንዴ በቅጹ ላይ፣ አንዴ በቀጥታ ለአንተ። ስለ ራስህ ያወቅኸውን እውነት አንተ አልፈጠርከውም።

አልጽፈውም ያልከውን እኔ ልጻፈው፣ የእኔ ሥራ ነውና። ዝናብ ነበር። ሱቁ ልጆቻቸውን በሚያስለኩ እናቶች ሞልቶ ነበር። "ከፊት በኩል ይጻፉኝ" አልከኝ፣ ጮክ ብለህ፤ ድምፅ መመጠን ያን ጊዜ አታውቅበትም። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅልኝ ማቆሚያ የለኝም። አንስቼ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አቆምኩህ፣ ዳንቴል የዞረበት የሰው ቀሚስ አለበስኩህና "ወንዱን ልጄን እዩልኝ፣ እንዴት እንዳማረበት" አልኩ። ሱቁ በሳቅ ተናወጠ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ሮጦ መጣ። አንተ አላለቀስክም። ጆሮህን ይዘህ ቆምክ። ቆመህ ሳለህ ሽንትህ አመለጠህ። እኔም "ቀሚሱን አበላሸሽብኝ" ብዬ ተቆጣሁህ። ልጄ ሰው ፊት ተዋርዶ ቆሞ፣ እኔ ያዘንኩት ለጨርቁ ነው።

ቅጹ ሲመጣ ሰባተኛው ጥያቄ ያንን ቀን የሚጠይቀኝ መሰለኝ። ነበር ብዬ ብጽፍ፣ አንተ ምን አደረግህ ሊሉኝ ነው። ለራሴ "ለልጄ ፈርቼ ነው፣ ቢከለክሉት ለእሱው ይሻለዋል" አልኩ። ሐሰት ነው። የፈራሁት ለራሴ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ወለምታ እንኳ አይደለም። ተቀምጬ፣ ብዕር ይዤ፣ ጽፌ፣ ደግሜ አንብቤ ፈረምኩበት። ፊትህ አንተ እያልኩህ ከጀርባህ ሌላ ጻፍኩ። ኦቲዝምህንም መደበቂያ አደረግኩት። "ያነበበችውን ሁሉ ታምናለች" ያልኩት፣ ገና ፊደል ሳትለይ ማን እንደሆንክ የነገርከኝን ልጅ ነው። ሰዎች እንዳንተ ያለውን ሰው ቃል ለመጣል ምክንያት እንደማያጡ አውቃለሁ፤ እኔም አቀበልኳቸው።

ደብተሩን አይጥ አልበላውም። ቅጹን በሞላሁ ቀን ከመሳቢያ አውጥቼ አይቼው መልሼዋለሁ። ከልክህ ጎን "ከፊት ይጻፉኝ አለች" ብዬ ጽፌበታለሁ፤ እናትህን ላሳቃት ብዬ ነበር። በአደራ ፖስታ ልኬልሃለሁ። ለሆስፒታሉም የመጀመሪያው ጽሑፌ ውሸት መሆኑን፣ ያደረግኩህንም ሳላሳንስ ጽፌያለሁ፤ ቅጂው እዚህ ውስጥ አለ።

ለእናትህ ነገርኳት። ምግቤን ታቀርብልኝና ወደ ሌላው ክፍል ትሄዳለች። አልፈርድባትም።

አፍሬአለሁ፣ ልጄ። ደህና አድርጌ አፍሬአለሁ። ልምጣ ወይ? ካልሆነም ምን ላድርግ? ንገረኝ፤ እኔ አላውቅበትም።

አባትህ

ኅዳር 25

ለአባዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ደብተሩ ደርሷል። ገጹን አየሁት። ቀኑን እኔ የማስታውሰው ሐሙስ ብዬ ነው፤ እርስዎም ሐሙስ ብለው ጽፈዋል። ሥራ ተመልሻለሁ። በሩን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማየው።

ልክ መሆኔ ደስ ብሎኛል። በእርስዎ ላይ ተቆጥቻለሁ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይቀንሰውም። መቆጣቴን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ደብዳቤዎ በደረሰኝ በአራተኛው ቀን፣ ቆጣሪ እየፈታሁ ሳለ ሁለት ብሎን አከታትዬ ሰበርኩ። የታመምኩ መስሎኝ ነበር። ባልደረባዬ "ሰው ያናደደህ ትመስላለህ" አለኝ። አሰብኩበት፣ እውነቱን ነው።

እኔ ብዙ ሰው አላምንም፤ ሰውን ለማመን ብዙ ሥራ አለው። እርስዎን ያለ ሥራ ነበር የማምነው። አሁን እንደ ሌላው ሰው ሆነዋል። ይህን ለመበቀል አልጻፍኩትም፤ እንዲያውቁት ነው።

ማመልከቻዬን መልሼ አስገብቻለሁ። ጸሐፊዋ "በዚህኛው የልጅነት ታሪኩን ማን ይሞላል?" አለችኝ። ራሴ እሞላዋለሁ አልኳት። አይቻልም አለች። ደብተሩንና እርስዎ ለሆስፒታሉ የጻፉትን ደብዳቤ ቅጂ አሳየኋት፤ ይዛቸው ወደ ሐኪሙ ገባች፣ ስትመለስ ባዶ ቅጽ ሰጠችኝ። አሥራ አራት ገጽ ሆነ። ኮሚቴው ጥር ውስጥ ያየዋል።

ልምጣ ወይ ላሉት፦ አሁን አይምጡ። አሁን አይምጡ ማለት አሁን አይምጡ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም የለውም። ቀኑን እኔ እጽፍልዎታለሁ።

ምን ላድርግ ላሉት፦ አስቤበታለሁ። ያንን ቀን ያደረጉት በሰው ፊት ነው። ይቅርታውን ግን በፖስታ ነው የላኩት፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ልክ አይመጣም። ሱቁ ሰው ሲሞላ ቆመው፣ ያን ጊዜ እንደተናገሩት ጮክ ብለው ያደረጉትን ይንገሯቸው። ቅጹ ላይ የጻፉትንም ይንገሯቸው። ስለ ሽንቱ አይናገሩ። እሱ የእኔ ነው። ሌላው ሁሉ የእርስዎ ነው።

ልጅዎ ሚሊ

ታኅሣሥ 6

ለሚሊ፣

እንደምን ሰንብተሃል።

ያልከኝን ሳላደርግ ዘጠኝ ቀን አለፈኝ። ሰው ሲሞላ ሜትሬን ይዤ አጎነብሳለሁ፣ ሰው ሲቀንስ "አሁንማ ሰው የለም" እላለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስንት ደንበኛ ያሳመንኩ ሰው፣ አንድ እውነት አፌን ያዘኝ። እናትህ ዛሬ ጠዋት "ልጁ በስድስት ዓመቱ ሰው ፊት ቆሞ እውነቱን ተናግሯል፣ አንተ በስድሳህ አቃተህ?" አለችኝ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ የተናገረችኝ ረጅም ነገር ይኸው ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነገርኳቸው። አሥራ ሁለት ሰው ነበር፣ ልጆቹን ሳልቆጥር። ቁጭ ብዬ ልጀምር ስል ቆመው ማለትህ ትዝ አለኝና ተነሳሁ። ድምፄ መሐል ላይ ከዳኝ፤ ከበሩ አጠገብ የነበረች አንዲት ሴት አልሰማሁም ስላለችኝ ከመጀመሪያው ደገምኩት። የእኔ የሆነውን ሁሉ ተናግሬአለሁ። የአንተን አልነካሁም።

አንዷ ጨርቋን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ልጇን ይዛ ወጣች። አንዱ ሽማግሌ "እንዲህ ያለው ነገር በአደባባይ አይወራም" አለኝ። በአደባባይ ነው የተደረገው አልኩት። ፀጉር አስተካካዩ ጭቅጭቅ መስሎት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር። አሁንስ የዕድሜ ልክ መቀለጃው አደረገኝ ብዬ ቀልዱን ጠበቅኩ። እሱ ግን "እኔም ስቄ ነበር፤ እሱንም ጻፍለት" አለኝ። ይኸው ጻፍኩልህ። ፀጉር ቤቱን በጊዜ ዘግቶ ሄደ።

በመጨረሻ የቀረችው ያቺ አልሰማሁም ያለችኝ ሴት ናት። ልጇን ለክቼ ስጨርስ "ግን እርግጠኛ ነው ልጅዎ? ወንድ መሆኑን በእውነት ያውቃል?" አለችኝ። ለክፋት አልነበረም የጠየቀችኝ። የአባት መልስ ፈልጋ ፊቴን ታይ ነበር፤ እኔም ድሮ ቢሆን ብዙ የምለው ነበረኝ።

"እሱን ጠይቂው" አልኳት።

አባትህ